ትናንሾቹ ተሳፋሪዎች

ስታር ዋርስን ከዓይኔ በፊት ያወቀው እጄ ነው። ሲኒማ የሚወስደኝ አልነበረም፤ ቪዲዮ ማጫወቻም ገና ቤታችን አልገባም። ሉክ ስካይዎከር የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተጣላና ለምን እንደሚዋጋ የነገረኝ ሰው የለም። ጸጉሩ ቢጫ፣ ሱሪው አሸዋማ፣ ክንዱ ውስጥ ቢጫ ዘንግ የደበቀ፣ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰውዬ መሆኑን ግን አሳምሬ አውቅ ነበር። መብራት ጠፍቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እንኳ ከዳርት ቬደር በመዳበስ እለየዋለሁ።

ያመጣልኝ አባቴ ነው፤ ገዝቶ ግን አይደለም። ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከሱዳን ዋሽንግተን ዲሲ ከገባን ብዙም አልቆየን፤ አባቴም እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሐበሾች ታክሲ ይነዳል። የዲሲ ታክሲ ያን ጊዜ ቆጣሪ አልነበረውም፤ ከተማው በዞን ተሸንሽኖ ሒሳቡ በተሻገሩት ዞን ልክ ይከፈል ነበር። ይህ አሠራር እስከ 2008 ዘልቋል። ማታ መኪናውን ሲጠርግ እጁን ከኋላ ወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ ይሰዳል። ጓንት ይወጣል፤ ሳንቲም ይወጣል፤ የከንፈር ቀለም ይወጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከጣት ትንሽ የሚበልጥ ሰው ይወጣል።

ባለቤቱ ቢጠይቅ ብሎ ጥቂት ቀን ይዞት ይዞራል። ጠያቂ ሲጠፋ ቤት ይዞት ይመጣና፣ «እንካ፤ ሒሳብ ሳይከፍል ተኝቶ የቀረ ተሳፋሪ አግኝቼልሃለሁ» ይለኛል።

እማዬን ነገሩ አልጣማትም። «የሰው ልጅ እያለቀሰበት የኔ ልጅ ሊስቅበት ነው?» ትለዋለች።

«ሳምንት ሙሉ ይዤው ዞርኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ልጣለው እንዴ?» ይላል አባቴ።

በዚህ እንኳ ተረታች። አልረታም ያለችው ሐመርሄድ የመጣ ዕለት ነው፤ አንገቱ የተቆለመመ፣ ዓይኖቹ ግራና ቀኝ የወጡ ፍጡር። አንስታ አየችውና «በስመ አብ!» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው የሚመስሉት መኝታ ቤት እንዲያድሩ፣ የማይመስሉት ከበር ውጭ እንዲቀሩ ተበየነ። አልፈርድባትም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን የሚታዩት በሥዕል ነው፤ በግድግዳ፣ በሸራ፣ በብራና። ሐውልት አይቆምም። አዙሬ ጀርባውን ያየሁት፣ ገልብጬ የውስጥ እግሩን የመረመርኩት ምስል ለእኔ እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

የሚመጡልኝ ደግሞ ራቁታቸውን ነው ማለት ይቻላል። ጠመንጃቸው የት እንደወደቀ አይታወቅም፤ ካባቸው የለም፤ የሚነዱት መንኮራኩር በሌላ ልጅ ቤት ቀርቷል። ሌሎች ልጆች ከእነ ሙሉ ትጥቃቸው ሲያዋጓቸው እኔ የማደርገው ስላልነበረኝ አያቸው ነበር። ብዙ አየኋቸው።

ዛሬ እንጀራዬ ሰም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የጥርስ ላቦራቶሪ ተቀጥሬ ሰው ሠራሽ ጥርስ እቀርጻለሁ። እነዚያን ሰዎች ከሣጥን አውጥቼ እንደገና የመረመርኳቸው ይህን ሙያ ከያዝኩ በኋላ ነው። አባቴ ሲቀልድ ሳያውቀው ልኩን ተናግሮ ኖሯል፤ እነዚህ አሻንጉሊቶች ከመነሻው የተሠሩት ለተሳፋሪነት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ነው። ኬነር የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ መቀመጫው እዚያ ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ ጄኔራል ሚልስ፣ ያ የዱቄትና የቁርስ እህል ኩባንያ። ሉክ እግሩ ጀርባ ላይ ለማንበብ ዓይን የሚያስለቅስ ጽሑፍ አለው፤ የጄኔራል ሚልስ የአሻንጉሊት ክፍል ምህፃረ ቃል፣ 1977 የሚል ዓመት፣ ሆንግ ኮንግ የሚል የሥሪት አገር። የስታር ዋርስን ፈቃድ በጊዜው ስሙ የገነነው ሜጎ የተባለ አሻንጉሊት ሠሪ አልፈልግም ስላለ ነው ለኬነር የደረሰው። ፊልሙ በሜይ 1977 ወጥቶ አገር ሲያናውጥ አሻንጉሊቶቹ የሚወጡበት የብረት ቅርጽ ገና አላለቀም። ብረት መቆፈር ወራት ይፈጃል፤ ለማንም ተብሎ አይፈጥንም። ስለዚህ ለዚያ ዓመት የገና በዓል ኬነር የሸጠው ውስጡ አሻንጉሊት የሌለበት ካርቶን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አራት አሻንጉሊት በፖስታ እንልካለን የሚል የምስክር ወረቀት የያዘ። ወላጆችም ገዙ! ቃላቸውን ግን ጠብቀዋል፤ ሉክ፣ ልዕልት ሌያ፣ ቹባካና አርቱ ዲቱ በ1978 መጀመሪያ ደረሱ።

ስለ ቁመታቸው የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው። የኬነር ፕሬዚዳንት በርናርድ ሉሚስ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘርግቶ ይህን ያህል ቢሆኑስ ሲል ጠየቀ፤ ንድፍ አውጪው በጣቶቹ መካከል ያለውን ለካና 3 ኢንች ከ3/4 ሆነ ይባላል፤ 9.5 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ታሪኩ ያምራል። እኔ ግን ጣት ብቻውን ይህን ወሰነ ብሎ ለማመን ይከብደኛል። ፊሸር ፕራይስ አድቬንቸር ፒፕል የሚባሉ በዚያው ቁመት የተሠሩ ሰዎች ነበሩት፤ የኬነር ንድፍ አውጪዎችም የመጀመሪያ ናሙናዎቻቸውን ያዘጋጁት እነዚያኑ ቆራርጠው፣ ለጥፈውና ቀብተው ነው። ከጃፓኑ ታካራ የመጡትና ሜጎ በ1976 ለገበያ ያቀረባቸው ማይክሮኖትስም ከዚያ ቁመት አይርቁም። ጣቱ የተዘረጋው ጠረጴዛው ላይ ካለው ነገር ጋር ለመገጣጠም ይመስለኛል።

ያስገደደው ሒሳብ ነው። ሃስብሮ በ1964 ያወጣው ጂ. አይ. ጆ የተባለው የወታደር አሻንጉሊት ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ የሜጎ ጀግኖች 20። ሁለቱም የሚለብሱት ተሰፍቶ የሚወልቅ ጨርቅ ነው። ስታር ዋርስ ግን የሰዎች ፊልም ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ ከአንዱ መንኮራኩር ወርደው ሌላው ላይ የሚሳፈሩበት ፊልም ነው። ሚሌኒየም ፋልከን የተባለው መንኮራኩር በፊልሙ ዓለም ርዝመቱ ከ30 ሜትር በላይ ነው። ሰውዬው በጂ. አይ. ጆ ቁመት ቢሠራ፣ ማለትም የእውነተኛ ሰው አንድ ስድስተኛ ቢሆን፣ ፋልከን ከ5 ሜትር ሊበልጥ ነው፤ ሳሎን ቀርቶ ጋራዥ አይችለውም። ሰውዬው ወደ 9.5 ሳንቲ ሜትር ወርዶም ቢሆን በትክክለኛው ልኬት ከ1.6 ሜትር ያልፋል። ኬነር በመጨረሻ የሠራው ፋልከን በልጅ ክንድ የሚታቀፍ ነው። እንግዲህ ሁለት ጊዜ አጭበርብረዋል፤ በመጀመሪያ ሰውዬውን አሳነሱት፣ ቀጥለው መንኮራኩሩን ከሰውዬው ልኬት በታች አሳነሱት። ያላጭበረበሩት ወንበሩን ብቻ ነው። ሰውዬው ወንበሩ ላይ መግባት ነበረበት። ወንበሩ ቀድሞ ተወሰነ፤ ሰውዬው ከወንበሩ በኋላ መጣ።

ይህን ከያዛችሁ በኋላ ሉክን አንሱት። የሚንቀሳቀሰው አምስት ቦታ ብቻ ነው፤ አንገቱ፣ ሁለቱ ትከሻዎቹና ሁለቱ የጭን መጋጠሚያዎቹ። ክርን የለ፣ ጉልበት የለ፣ ወገብ የለ። መገጣጠሚያ ሁሉ ተጨማሪ ቁራጭ ነው፤ ቁራጭ ሁሉ በብረቱ ላይ ተጨማሪ ጉድጓድና በፋብሪካው ጠረጴዛ ላይ ተጨማሪ እጅ ነው፤ አሻንጉሊቱ ደግሞ የሚሸጠው 2 ዶላር ገደማ ነው። ከአምስቱ ሁለቱን ለጭን መስጠታቸውን ልብ በሉ። ክርን ቢያጥፍ ጠመንጃውን በወጉ በደገነ፤ ጉልበት ቢኖረው በሮጠ። እነሱ ግን መቀመጥን መረጡለት። እግሮቹ ሳይታጠፉ ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ የመንኮራኩሮቹ መቀመጫም ለተዘረጋ እግር የተቆፈረ ነው። በ1978 የወጡትን ላንድስፒደርንና ኤክስ ዊንግን ውስጣቸውን ብታዩ ወንበሩ ወንበር ሳይሆን ሰው ተጋድሞ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ነገር ነው።

መቀመጥ ልብሱንም ቀይሮታል። ሉክ በፊልሙ ላይ የለበሰው ሰፊ ሸሚዝ ከቀበቶው በታች እስከ ጭኑ ይወርዳል፤ አሻንጉሊቱ ላይ ግን መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ ይቆረጣል፤ ባይቆረጥ እግሩ አይነሳም። ከሁሉ የምትገርመኝ ሌያ ናት። በፊልሙ እስከ መሬት የሚወርድ ነጭ ቀሚስ ነው የለበሰችው። ቀራፂው ቀሚሱን ለሁለት ከፍሎ በየእግሯ ዙሪያ አለበሳት። ከፊት ሲያዩዋት የጨርቁ እጥፋት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚሻገር ይመስላል፤ መሐል ላይ ግን ስንጥቅ አለ። የተሠራችው ከነጭ የፕላስቲክ ካባ ጋር ነው፤ ካባው ሲኖር ስንጥቁ ይሸፈናል። የእኔዋ ሌያ ካባዋን ታክሲ ውስጥ ሳይሆን ከዚያም በፊት የጣለች ናት፤ ስንጥቁን ስለዚህ ገና በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ሱሪ ለብሳለች ብዬ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ተከራክረናል። ሁለታችንም እውነት ነበረን።

ቀጥሎ ብረቱ ይመጣል። የአሻንጉሊት ቀራፂ እጁ ያለው ሰም ላይ ነው፤ ሐሳቡ ያለው ግን ብረት ላይ ነው። ሰሙ ሲያልቅ ጠንካራ ግልባጭ ይወሰድለታል። ሰብሳቢዎች በሚገናኙበት አዳራሽ አንድ እንዲህ ያለ ግልባጭ ተፈቅዶልኝ በእጄ ይዣለሁ፤ አረንጓዴ፣ ቀለም ያልነካው፣ ሱቅ ከሚሸጠው አሻንጉሊት በጥቂቱ ገዘፍ ያለ። የገዘፈው በምክንያት ነው። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ቀራፂው የሚሠራው የሚፈልገውን መጠን ሳይሆን ሲኮማተር የሚፈልገው የሚሆነውን መጠን ነው። በእጥፍ የሚቀርጹም አሉ፤ ያን ጊዜ የሚያሳንሰው ፓንቶግራፍ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ አንደኛው ክንዱ ትልቁን ቅርጽ እየዳበሰ ሲሄድ ሌላኛው ክንዱ ብረቱ ላይ ትንሹን ይቆፍራል።

ብረቱ ሁለት ግማሽ ነው። ይገጠማል፤ የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ይገባበታል፤ ይቀዘቅዛል፤ ይከፈታል። ጭንቀቱ ሁሉ መከፈቱ ላይ ነው። ክንዱ ወይም እግሩ ከብረቱ ሲወጣ የትም ቦታ መያዝ የለበትም። ወደ ውስጥ የሚገባ ጉድጓድ፣ ከሥሩ የሰፋ ኪስ፣ ከሰውነት የተለየ ጣት ካለ ብረቱ አልለቅም ይላል፤ ቢጎትቱት ፕላስቲኩ ይቀደዳል። እኛም ላቦራቶሪ ውስጥ አንደርከት እያልን ቀኑን ሙሉ የምንታገለው ይህንኑ ነው፤ ጥርሱ ቢያምርም ከገባበት አቅጣጫ ካልወጣ ወደ ሰሙ መመለስ ነው። ብረቱን በዘዴ የሚያላቅቅ ሦስተኛና አራተኛ ቁራጭ መጨመር ይቻላል፤ ግን 2 ዶላር ለሚሸጥ ዕቃ ማን ይጨምራል?

አሁን የሉክን እጅ ተመልከቱ። አራቱ ጣቶች አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ አውራ ጣቱ በተቃራኒው ቆሟል፤ መሐላቸው ጠመንጃ የሚሰካበት ክፍተት ነው። የጣቶቹ መለያ መስመር የተጫረ ብቻ እንጂ የተቆረጠ አይደለም። ጥፍራችሁን በክንዱ ጠርዝ ብታስኬዱት ቀጭን መስመር ይነካችኋል፤ ሁለቱ ብረቶች የተገናኙበት ነው። ቀራፂው ያ መስመር የት እንደሚያልፍ ሰሙን ከመንካቱ በፊት መወሰን ነበረበት። ጎበዙ በእጅጌው እጥፋት ላይ ያሳልፈዋል፤ ያልሆነለት በእጁ መዳፍ መሐል። ቀበቶው ላይ ያለው ኪስ ጠርዙ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ለዓይን እምብዛም በማይታይ መጠን ያዘነብላል። አፍንጫው ቀዳዳ የለውም። ጆሮው ከራስ ቅሉ አልተነሳም። ልጅ ሆኜ ስዳብሰው ለስላሳነቱ ከመጥባት የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ከእኔ በፊት የያዘው ልጅ እንደ ከረሜላ ያሟሟው። ከብረቱ የወጣው እንዲያው ለስላሳ ሆኖ ነው።

ፊት ላይ ግን ሌላ ችግር አለ። ቁመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ፊት ላይ የአንድን የታወቀ ተዋናይ መልክ ማምጣት አለብህ፤ የሚቀባው ደግሞ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የቀለም መርጫ የያዘ ሠራተኛ ነው፤ ለቅንድብ የሚኖረው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ነው። የድሮዎቹ ቀራፂዎች ብልኀት እዚህ ይታየኛል። ፊቱን ትተው ጸጉሩን ቀረጹ። ሉክን ሉክ ያደረገው የጸጉሩ አወራረድ ነው፤ ሌያን የጆሮዋ ላይ ጉንጉን ነው፤ ቬደርን የራስ ቁሩ ጥላ ነው። ሃን ሶሎን በተጫወተው በሃሪሰን ፎርድ ላይ ይህ ዘዴ አልሠራም መሰለኝ፤ ሃን ሶሎ በአንድ አካል ላይ በሁለት ጭንቅላት ወጥቷል፤ አንደኛው ትንሽ፣ ሁለተኛው ትልቅ። ሁለቱም ሃሪሰን ፎርድን አይመስሉም፤ ትልቁ ራስ ግን ቢያንስ ከሩቅ ይለያል።

ቀለም ገንዘብ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላው ቦታ እንዳይነካ የሚሸፍን ጭምብል ይሠራል፤ እያንዳንዱ ርጭት ሌላ እጅና ሌላ ሳንቲም ነው። ስለዚህ የሚቻለው ሁሉ በፕላስቲኩ በራሱ ቀለም ይወጣል። የአርቱ ዲቱ ሰውነት ላይ ያለው የማሽን ዝርዝር ሁሉ ቀለም አይደለም፤ ዙሪያውን የተለጠፈ ወረቀት ነው። ሃስብሮ በ1982 ጂ. አይ. ጆን በ9.5 ሳንቲ ሜትር ልክ አሳንሶ እንደገና ሲያወጣ ደግሞ ለቀለም የተመደበው ገንዘብ ሊያልቅበት ሆነ፤ ከሰዎቹ አንዱን ምንም ሳይቀባ በጥቁር ፕላስቲክ አወጣው። ፊቱ አይታይም፤ አርማ የለውም፤ ድምፁም አይሰማም ተባለ። ስኔክ አይስ ነው። ከዚያ ሁሉ ወታደር መካከል ልጆች አብልጠው የወደዱት የሒሳብ ሹሙ የፈጠረውን ሆነ።

የዚያ ጂ. አይ. ጆ ነገር ከተነሣ፣ ሃስብሮዎች የመቀመጥን ጥያቄ በሌላ መንገድ ነው የመለሱት። ሰዎቻቸው ክርንም ጉልበትም ወገብም ነበራቸው። ላይኛውን አካል ከታችኛው ጋር የሚያያይዘው ደረት ውስጥ የተደበቀ የጎማ ቀለበት ነው፤ እሱ ስላለ ሰውዬው ወገቡን ይዞራል፣ ጉልበቱን አጥፎ ጂፕ ላይ በወጉ ይቀመጣል። በ1983 ደግሞ ክንዱ ከክርኑ በላይ እንዲሽከረከር አደረጉ፤ መሣሪያውን በሁለት እጁ መያዝ ቻለ። እንደ ምሕንድስና ከኬነር ይልቃል። እንደ ቅርጽ ግን እኔን አይማርከኝም፤ በየመጋጠሚያው ብሎንና ምስማር ይታያል፤ ሰውዬው ሰው ከመሆኑ በፊት ማሽን ነው። ጎማውም ዘላለማዊ አይደለም፤ ይደርቃል፣ ይበጠሳል፣ ሰውዬውም መሐል ወገቡ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አባቴ አንዱን እንዲሁ እግርና ደረቱ ተለያይቶ አምጥቶልኝ እማዬ በጸጉር ላስቲክ አሰረችልኝ። ያን ጊዜ ስለ ሰው ዕቃ አላነሣችም።

ማቴል በ1982 ያወጣው ሂ ማን ጭራሽ የተለየ መንገድ ነው የያዘው። እሱ ተሳፋሪ አይደለም፤ ጡንቻ ነው። ከኬነር ሰዎች በብዙ ይገዝፋል፤ ቁመቱ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አባት ነኝ ከሚሉት አንዱ ሮጀር ስዊት ቢግ ጂም የሚባለውን የቆየ አሻንጉሊት ወስዶ ጡንቻውን በሞዴል ጭቃ አደለበው፤ ለፋብሪካ የሚሆነውን የቀረጸው ቶኒ ጌሬሮ ነው። ያን አካል አንዴ ብረት ላይ ካወጡት በኋላ አልለቀቁትም። ጭንቅላቱን እየቀየሩ፣ እግሩ ላይ ጸጉር ወይም ጫማ እየጨመሩ ስንቱን ወዳጅና ጠላት አወጡበት። ስቲንኮር የሚባለውን ከሌላው ጭንቅላት፣ ከሌላው ጥሩር ገጣጠሙትና ልዩ ለማድረግ ፕላስቲኩ ውስጥ ሽታ ጨመሩበት፤ ዛሬም ይሸታል። ሂ ማን የሚጋልበው ነብር ደግሞ ከቢግ ጂም የተረፈ ብረት ነው። ለሂ ማን ቁመት ነብሩ ከልክ በላይ ትልቅ ሆነ። አዲስ ከማስቆፈር አረንጓዴ አድርገው ኮርቻ ጫኑበት። እዚህም መቀመጫው ነው ነገሩን ያዳነው፤ ኮርቻ ባይኖር ግዙፍ ነብር ስህተት ይሆን ነበር፤ ኮርቻ ሲኖር ተረት ሆነ።

ወደ እማዬ ጠላቶች ልመለስ። በፊልሙ መሸታ ቤት ውስጥ ለቅጽበት የሚታዩትን ፍጡራን ኬነር የሠራው በእጁ በገባው ፎቶግራፍ ልክ ነው፤ ፎቶው ያላሳየውን ራሱ መሙላት ነበረበት። ስናግልቱዝ የሚባለው ከወገብ በላይ ብቻ ነበር የሚታየው። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ ረጅም አድርገው፣ ሰማያዊ ልብስና የሚያብረቀርቅ ቦት ጫማ አልብሰው፣ በ1978 ሲርስ ለሚባለው መደብር ብቻ ከተዘጋጀው የመሸታ ቤት ስብስብ ጋር ለቀቁት። በኋላ ሲታወቅ ፍጡሩ ድንክ ነው፤ ልብሱም ቀይ፤ ባዶ እግሩን ነው የሚሄደው። አርመው አጭሩን አወጡ። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ረጅሙን ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር እስማማለሁ። ያልታየውን ግማሽ የፈጠረው ቀራፂ ነው፤ የታየው ግን ከፊልሙ የተገለበጠ ነው።

ከልጅነቴ ሰዎች መካከል ዕቃው አብሮት የቀረ ሉክ ብቻ ነው። ሰይፉ ክንዱ ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ተሸሽጎ ስለሚኖር ታክሲ ውስጥ አይወድቅም። መጀመሪያ የተሠራው ሰይፍ ከውስጡ ሌላ ቀጭን ዘንግ የሚወጣው፣ ሁለት ጊዜ የሚረዝም ነበር፤ ስለሚሰበርና ስለሚያስወጣ ወዲያው አቃለሉት። የእኔው የቀለለው ነው፤ ጫፉም ተሰብሯል። ነገር ግን አንድን ዕቃ ከባለቤቱ ሥጋ ውስጥ መቅበር፣ ልጅ እንዳይጥለው ብሎ ክንድ መቦርቦር፣ ለእኔ ከዚያ ሁሉ የኬነር አሻንጉሊት ውስጥ እጅግ ያማረው ሐሳብ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ቦባ ፌት ነው። በ1979 ኬነር ከጀርባው ሮኬት የሚተኩስ ቦባ ፌት በፖስታ እልካለሁ ብሎ አስተዋወቀ። በዚያው ሰሞን የሌላ ኩባንያ አሻንጉሊት የሚተኩሰው ትንሽ ሚሳይል አንድ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ገደለው። ኬነር ሮኬቱን ከጀርባው ጋር አጣብቆ ላከው። ከ1980 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለትንንሽ ሕፃናት የሚሠራ አሻንጉሊት ቁራጭ ሁሉ በአንድ የመለኪያ ቱቦ እንዲፈተን ሕግ ወጣ፤ የቱቦው አፍ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባ ቁራጭ አይሸጥም። የሚተኩሰው ቦባ ፌት ጥቂት ናሙና ብቻ ቀርቷል፤ አንዱ ዛሬ በጨረታ ሲወጣ ቤት የሚገዛ ዋጋ ይጠራለታል። የቱቦውን መጠን ሳነብ እማዬ ትዝ ትለኛለች፤ ከሐመርሄድ ይልቅ የምትፈራው እኔ አፌ ውስጥ ልከተው የምችለውን የቹባካን ቀስት ቢሆን ይሻል ነበር። ደግነቱ ቀስቱ አብሮት አልመጣም።

ኬነር እስከ 1985 ወደ መቶ የሚጠጉ የስታር ዋርስ ሰዎች አወጣ። በ1987 ቶንካ ገዛው፣ በ1991 ሃስብሮ ቶንካን ገዛ፤ የሲንሲናቲው ቢሮ በ2000 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጡት አሻንጉሊቶች ጉልበት አላቸው፣ ቁርጭምጭሚት አላቸው፣ የእጅ አንጓ አላቸው፤ ፊታቸው ከተዋናዩ ፊት በኮምፒውተር የተቀዳ ነው። አብዛኞቹ ካለ ማቆሚያ አይቆሙም። በ2019 ግን ሃስብሮ አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር አደረገ። ኬነር ሳይሠራው የቀረውን ግራንድ ሞፍ ታርኪንን በድሮው ወግ፣ በአምስት መጋጠሚያ ብቻ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ አወጣው። ማንም ያላስገደደውን ግዴታ ፈልጎ ገባበት።

ገዛሁት። ካርቶኑን ቀድጄ መጀመሪያ ያደረግሁት ማስቀመጥ ነው፤ እግሩ በደንብ ይነሳል፣ መቀመጫውም ጠፍጣፋ ነው። የብረቱ መስመር በወጉ አልፏል። ፊቱን ግን አልወደድኩትም፤ ጉንጩን ያጎደጎደበት፣ አጥንቱን ያሾለበት መንገድ ከልክ በላይ ተዋናዩን ፒተር ኩሺንግን ይመስላል። በ1978 የነበረ ቀራፂ ቢሆን ግንባሩን ሰፋ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ለጠፍ አድርጎ ፊቱን ይተወው ነበር።